የሰረዝኳት ዓረፍተ ነገር

«እኔም ብሆን እሄድ ነበር» ያልኩት ከየት አምጥቼ ነው? ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ስናዘዝ ይህችን እዘላት ነበር።

ሲግናል አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ጽሑፍ አዘጋጅ ነበርኩ። ሥራችን ባለሙያ ላጣች አንዲት ትንሽ ከተማ ሐኪምና መምህር ከአዲስ አበባ መመልመል ነው። የከተማዋን ኑሮ የሚያስተዋውቀውን በራሪ ወረቀት እኔ ጻፍኩት። ከተማዋን አይቻት አላውቅም፤ ከዚያ የተላከ ደብዳቤ ነበረኝ። የቤት ኪራይ ርካሽ፣ ሥራ በእግር፣ የታክሲ ሰልፍ የለም። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ደብዳቤው ውስጥ ግን እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «በበጋ ከድንጋይ መፍጫው የሚነሣው አቧራ ከተማዋን ስለሚሸፍን፣ የመተንፈስ ሕመም ያለበት ሰው ባይመጣ ይመረጣል።»

ሰረዝኳት። አለቃዬ ሰርዢ አላለኝም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ የጻፍኩት እንዲያምርልኝ እፈልጋለሁ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ገጹን አበላሸችብኝ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አስቴር አዋላጅ ነርስ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው የካ ሚካኤል ነው። ወረቀቴን ይዛ ቢሮ መጣች። አስም እንዳለባት፣ ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦን ቀስ እያለች እንደምትወጣ ነገረችኝ። አየሩ እንዴት ነው አለችኝ። እንደ እንጦጦ ነው አልኳት። ባሕር ዛፉንም ይጨምሩልናል እንዴ ብላ ቀለደች። ከዚያ ትኩር ብላ አየችኝ።

«እርስዎ ቢሆኑ ይሄዱ ነበር?»

«እኔም ብሆን እሄድ ነበር።»

ሄደች።

ሁለት በጋ ቆይታ ሳንባዋ ተጎድቶ ተመለሰች። የካ ሚካኤል ስሳለም አያታለሁ። ዳገቱን በአንዴ አትወጣውም፤ እኩሌታው ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ ብላ ታርፋለች። እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ አልፋለሁ። ስንት ጊዜ አለፍኳት? አንድ ቀንስ አለቀስኩ? አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም ብል ውሸት ነው፤ ተሰማኝ ብልም ውሸት ነው። ሰረዝኳት፣ ሄደች፣ አለፍኳት።

ባለፈው የሚካኤል ዕለት እግሬ እዚያ ድንጋይ ጋ ቆመ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። የሰረዝኳት ምን ትል እንደነበር ጠየቀችኝ። በቃሌ አልኩላት፤ አንድ ፊደል አልሳትኩም። ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት።

ትንፋሿ እስኪመለስላት ቆየች።

«‹ባነበውም እሄድ ነበር› እንድልሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። «አልልሽም። አልሄድም ነበር።»

ይቅር በይኝ ልል ነበር፤ ተውኩት። እሷ ተነሥታ ዳገቱን ጀመረች። እኔ ድንጋዩ ላይ ቀረሁ።