ቀድሞ የሚደርሰው ሰው

ሚስቴ ይህን ነገር የምታውቀው ከእናንተ ጋር እኩል፣ ይህን ጽሑፍ ስታነብ ነው። ለእሷ አልነገርኳትም። ለጓደኛም አልነገርኩም። የንስሐ አባት የለኝም፤ ከእግዜር ጋርም ከተነጋገርን ቆይተናል። ስለዚህ የማላውቃችሁን እናንተን መረጥኩ። የማያውቁት ሰው ፊት መዋረድ ይቀላል።

ያደረግኩት ይህ ነው። አንድ ንጹሕ ሰው በሌብነት እንዲጠረጠር አደረግኩ። ንጹሕ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አደረግኩ። ሦስተኛው ከሁለቱ ይከፋል።

የምኖረው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ነው። አባቴ ከጎጃም በአስተማሪነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ። እኔም እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አስተማሪ ሆንኩ፤ በትርፍ ጊዜዬ መጣጥፍ እጽፋለሁ። መጣጥፎቼን ያነበበ ሰው ጠባዬን ያውቀዋል። ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር አይጥመኝም። በተለይ «ለዚህ ባለሙያ ያስፈልጋል» ሲሉኝ ያሳክከኛል።

የዛሬ አራት ዓመት በሰፈራችን ሁለት ቤት በጠራራ ፀሐይ ተሰበረ። እኔና ሚስቴ ቀን ሥራ ነን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ቤቱ ባዶ ይውላል። ሚስቴ አላርም እናስገባ አለች። ካሜራና አላርም የምትገጥም ሌሊሴ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች፤ ጠራናት። መጣች፣ ክፍሎቹን ዞራ አየች፣ ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሴንሰሩ የሚያየው ሙቀትና እንቅስቃሴ ነው፤ በምዕራብ በኩል ካለው መስኮት ፊት ለፊት እንዳይሆን፤ መጋረጃም እንዳይወዛወዝበት። «አስብበታለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ያሰብኩት ግን ስለ እሷ ነበር። በወሩ፣ ሁለት ብሎን ለማጥበቅ ዲፕሎማ ያስፈልጋል ብለው በሚያምኑ ሰዎች ላይ የሚያፌዝ መጣጥፍ አሳተምኩ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ በአንድ ቅዳሜ ገጠምኩት። ሳይረኑን ጣራ ላይ ሰቀልኩ፣ ትንሹን ሴንሰር በሩ ላይ፣ ዋናውን ሳሎን ግድግዳ ላይ። ከምዕራቡ መስኮት ፊት ለፊት። ለምን? ሶኬቱ እዚያ ስለነበረ።

ጥር ላይ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ጮኸ። በዚያው ሳምንት ደገመ፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ።

እኛ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው ቤቱ አይቀመጥም። ይወጣል፣ ይሮጣል፣ ያልወጣ ይታማል። የእኔ ሳይረን ከቻይና የመጣ ኡኡታ ነበር፤ ሰፈሩም እንደ ኡኡታ ቆጠረው። ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት ኦቦ ተርፋሳ ነበሩ። የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርጆና ኑኑ ቁምባ እየዞሩ ከብት ሲከትቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ እሳቸው ጋ ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ የሚወጣው በእሳቸው እጅ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ሲኒ አልጎደለም።

ሳይረኑ ሲጮህ በአጥራችን ሽንቁር ሾልከው ይገባሉ። ቤቱን ይዞራሉ፣ መስኮቱን ይነካካሉ፣ ከዚያ እስክመጣ ደጃፌ ላይ ቁጭ ይላሉ። «ያ ባርሲሳ፣» ይሉኛል፤ አስተማሪው ማለታቸው ነው፣ «ማል ታኤ? ምን ሆነ ብዬ መጣሁ። ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም። እግዜር ይመስገን።» እኔ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን እንኳ ይግቡ ብያቸው ይሆን? አላስታውስም። ያላስታወስኩት ስላላልኳቸው ነው።

የሚያዝያው የእድር ስብሰባ ላይ አዴ ደሲ የምትባል ባለሱቅ ጎረቤታችን ተነሣች። «ባርሲሳ፣ ያ ጣራህ ላይ ያለው ነገር ምጥ ይዞታል እንዴ? ወይ ይውለድ፣ ወይ አዋላጅ ጥራለት!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ፣ «አዋላጇ ሌሊሴ ነበረች፣ አባረራት እኮ!» አለ። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ያፌዝኩባት ሴት ስም በእኔ ላይ ማፌዣ ሆነ። ጆሮዬ ጋለ። ያኔ ነው የተናገርኩት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ተናድጄም አልነበረም፣ ፈገግ ብዬ ነበር። «ደወሉ አይዋሽም» አልኩ። «አንድ ሰው ይገባል ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው አንድ ሰው መሆኑ ነው።»

ኦቦ ተርፋሳ ሙገሳ መሰላቸው። «ኧረ ቅርብ ስለሆንኩ ነው እንጂ፣ እግሬማ አርጅቷል» አሉና ሳቁ። ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ ማንም እንዳልሳቀ አዩ። ዙሪያውን ተመለከቱ። አንገታቸውን ደፉ።

እኔ አየሁ። ቀልዴን ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። አላልኩም። ለምን? ከእኔ ላይ ዓይን ስለተነሣ። ዓይኑ ከእኔ ተነሥቶ የት እንዳረፈ እያየሁ፣ ቀለለኝ።

ሌባ ብሎ የከሰሳቸው የለም። የሰፈራችን ሰው ጨዋ ነው። በሳምንቱ የእድሩ ሊቀ መንበር ሄደና «ንብረት ልንቆጥር ስለሆነ ቁልፉ ለጊዜው ይምጣ» አላቸው። ሰጡ። አልተመለሰላቸውም። ከቤቴ ምንም አለመጥፋቱ እንኳ አላዳናቸውም፤ «ደወሉ እያስደነገጠው ነዋ» ተባለ። ግንቦት ሲገባ ዝናቡ መጣ፣ ፀሐይ ጠፋች፣ አላርሙም ጸጥ አለ። ሰዉ፣ «አያችሁ፣ ሲነቃበት ተወ» አለ። እኔ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አምኜ ነበር? ያመንኩ ይመስለኛል። ማመኑ ይስማማኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ፀሐይ ተመለሰች፣ አላርሙም ጮኸ። ከትምህርት ቤት ስደርስ ደጃፌ ባዶ ነበር። ማንም አልመጣም። የአጥሩ ሽንቁር ከእሳቸው በኩል በእሾህ ተደፍኗል። መቼ እንደደፈኑት አላውቅም፤ እሾሁ ግን ደርቋል።

በማግስቱ ሌሊሴን ጠራኋት። ለማየት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

«ይሄን ማነው የገጠመው፣ ጋሼ?»

«ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው» አልኳት።

«ሰውዬው ሌባ ሳይሆን ፀሐይ ነው ያስጠበቀው!» ብላ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መጋረጃውን ታሞቀዋለች፣ ነፋሱ ያወዛውዘዋል፣ ሴንሰሩ ሰው ነው ይላል። ስልኬ ላይ ያለውን መዝገብ ከፍታ አሳየችኝ። ጩኸቱ ሁሉ በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። «በሩ ላይ ያለው ሴንሰር ደግሞ በጩኸቱ ሰዓት አንድ ቀንም አልተነካም። ሰው ገብቶ አያውቅም፣ ጋሼ።» ሴንሰሩን ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወረችው። ከዚያ ወዲህ በከንቱ ጮኾ አያውቅም።

እንግዲህ ያን ቀን አወቅኩ። ያወቅኩትን ለመናገር የሚያስፈልገኝ አንድ አጥር መዞር ነበር። ምን እንደምላቸው በሦስት ዓይነት አሰካክቼ በልቤ ጻፍኩ፤ ሦስተኛው በጣም ያምር ነበር። አልሄድኩም። በእድሩ ስብሰባ እናገራለሁ አልኩ፤ ስብሰባው ላይ ስለ ድንኳኑ ሸራ ተወራ፣ እኔም ስለ ሸራው አስተያየት ሰጠሁ። መጋቢት ላይ ልጃቸው ከአርጆ አይሱዙ ይዛ መጣችና ጠቅልላ ወሰደቻቸው። ዕቃ ጫንኩላቸው። አልጋቸውን ተሸክሜ አወጣሁ። ሰዎች አመሰገኑኝ።

ሦስተኛው ጥፋቴ ደግሞ ይኸውላችሁ።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ አርጆ ሄድኩ። ስመለስ ቤታቸውን ጠይቄ ገባሁ። ልነግራቸው ነበር የገባሁት፤ ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ከስተዋል። ልጃቸው ወተት ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች። አፌን ሳልከፍት እጄን ያዙኝ።

«ያ ባርሲሳ፣ እግዜር ነው ያመጣህ። ልቤ ላይ ያለ ነገር አለ። ያኔ በኅዳር ያ ነገርህ ሲጮህ ቤት ነበርኩ። ጫማዬን አደረግኩ። አድርጌ ግን አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ጎረቤት ሲጮህ ሰምቼ ስቀመጥ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ልጆችህ እቤት ቢሆኑስ ኖሮ? እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዲፋማ፣ ይቅር በለኝ።»

ሁሉም ነገር ተመቻችቶ ነበር። አፍ ነበረኝ። ጊዜ ነበረኝ። ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ኦቦ ተርፋሳ» አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። «ገለቶሚ፣» አሉኝ፣ «እግዜር ይስጥህ»። እኔ ወተቴን ጨርሼ፣ ሚኒባስ ይዤ፣ ከመምሸቱ በፊት ነቀምቴ ገባሁ።

የተሰማኝን ብትጠይቁኝ ምንም ነው። እስካሁንም ምንም ነው። ሽማግሌው ሰላም አግኝተዋል፣ እውነቱ ይረብሻቸው ነበር ብዬ መከራከር እችላለሁ። ጥሩ መከራከሪያ ነው፤ ጸሐፊውን ግን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታ ያለቦታው ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ሰጪው እኔ ነበርኩ። ይህን ጽሑፍም እንደ ድፍረት አትቁጠሩልኝ። አዲስ አበባ ለሚታተም መጽሔት፣ ስለማታውቋቸው ሰው፣ ስማቸውን ለውጬ ነው የጻፍኩት። እውነተኛ ስማቸው ዛሬም እድራችን ውስጥ ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያን ድምፅ ከፍ የሚያደርገው አንድ ሰው ቆሞ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስብሰባው በየወሩ ነው። እስከ ዛሬ አንዱም አላመለጠኝም፤ ሁልጊዜ ሄጄ እቀመጣለሁ፣ ስለ ሌላ ሌላው ነገር አስተያየት እሰጣለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።