የኩታበሩ ጥቁር ገብስ

ጥቁሩን ገብስ ከደሴ አቅራቢያ፣ ከኩታበር ያመጣሁት ከጦርነቱ በፊት ነው። የሰጡኝ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ናቸው። ውርጭ የጎረቤቶቻቸውን ማሳ ሲያቃጥለው የእሳቸው ገብስ ጠውልጎ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ቀና ይል ነበር። እኔም ደሴ በሚገኝ ቤተ ሙከራ የማጠናው ይህንኑ ነው፤ ብርድ ሲመጣ የትኛው ጂን ነቅቶ ተክሉን እንደሚያድነው። ዘሩን ቋጥረው ሰጡኝና መረቁኝ።

ተኩሱ ደሴ ሲቀርብ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ እናቴን ይዤ ተሰደድኩ። ስንመለስ የቤተ ሙከራው በር ተገንጥሏል። መብራት ከጠፋ ወዲህ ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ቅጠል በስብሶ፣ ሽታው ኮሪደሩ ላይ ተቀበለኝ። የዘሩ ክፍል ወለል ላይ የተሰባበረ ጠርሙስና የአይጥ ኩስ ብቻ ነበር። «ምንም አልተረፈም» አለኝ ባልደረባዬ፣ መጥረጊያውን ተደግፎ።

አላለቀስኩም። ኩታበር ሄጄ እንደገና እለምናቸዋለሁ ብዬ ተጽናናሁ።

የኩታበሯ እናት ቀደሙኝ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የተከራየሁትን ቤት ጠይቀው ጠይቀው አገኙት።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጄ። አለሽ?»

«አለሁ፣ እናቴ። እርስዎስ እንዴት ከረሙ?»

«አልሐምዱሊላህ።» ከስተዋል። ውሃ ጠጡና፣ «ያንን ገብስ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ክፉ ቀን ሆነና ለዘር ያስቀመጥኩትን ቆልተን በላነው። ግን አንቺ ዘንድ አለ ብዬ ተጽናናሁ።»

የሆነውን እንደምንም ነገርኳቸው።

«ታዲያ ያ ሁሉ ጥናትሽ?»

«የጂኑ ዝርዝር ተጽፎ ኮምፒውተሬ ላይ አለ።»

«እሱ ይዘራል?»

«አይዘራም፣ እናቴ።»

«አላህ ያመጣው ነው» ብለው እጄን ያዙኝ። እኔን ማጽናናታቸው የባሰ አንገበገበኝ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ጥቁር ገብስ ለቀምኩ። እያበቀልኩ ብርድ ውስጥ አስገባሁት፤ በማግስቱ ሁሉም ቅጠል ጠቁሮ ይጠብቀኛል። እሳቸው በእርዳታ ያገኙትን ስንዴ ዘሩ፤ ሊያሽት ሲል ውርጭ ጨረሰው።

አምና ልጠይቃቸው ስሄድ ማሳቸው ላይ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተደርድሯል። «ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«እህል መዝራት ደከመኝ» አሉኝ፣ ወደ ቤት እየመሩኝ።