በሲሚንቶ ያቆሰልኩት አጥር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። እንደ ፈረንጆቹ ከሁለት ሺህ አሥር ወዲህ መሆኑን፣ ባሕር ማዶ ኢንግልዉድ የሚባል ከተማ ልጄ ቤት እኖር እንደነበር ብቻ አውቃለሁ።

ያገሬ ሰው የሚበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የተዋወቅኩት አንድ ያገሬ ልጅ፣ የቤት ጥገና ኮንትራት የሚይዝ፣ ግንበኛ መሆኔን ሰምቶ ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሰፈር አጠገብ ወዳለ አሮጌ ቤት ወሰደኝ። ቤቱ የእንግሊዝ ገጠር ባላባት ቤት ተመስሎ የተሠራ ነው አሉ፤ አጥሩም ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ቀይ ጡብ ነው። የጡቡ መጋጠሚያ ተቦርቡሮ ስለነበር እሱን እንድሞላ ነው የተቀጠርኩት።

ይኸው ልጅ፣ አለቃዬ፣ የኖራ ከረጢት አውርዶልኝ ሄደ። እኔ ሳቅኩ። እኛ ዘንድ ኖራ ግድግዳ መቀቢያ ነው። ጋራዡ ውስጥ ሲሚንቶ አገኘሁና ጠንከር አድርጌ አቡክቼ ሞላሁት። ኮርቼበትም ነበር።

የዝናቡ ወራት ሲያልፍ የጡቦቹ ፊት ይላጥ ጀመር። ለካ ጡቡ የጠጣውን ውኃ የሚያወጣው በኖራው በኩል ኖሯል፤ እኔ ደፈንኩበት።

አለቃዬ የቤቱ ባለቤት በሆነችው ሴትዮ ፊት አቆመኝ። አጥሩን ያሠራው አያቷ ነው፤ ሴትዮዋ ልታየኝም አልፈለገች።

«ጋሼ፣ ና ጉድህን እይ!» አለኝ አለቃዬ። አንቱታውን ከጣለው ቆይቷል። «ግንበኛ ነኝ አላልክም?»

«ነኝ» አልኩ።

«የዶሮ ቤት ግንበኛ! ኖራ ስሰጥህ ምን መሰለህ፣ የሽሮ ዱቄት? ሶ፣ በሁለት ሳምንት ፊክስ ካላደረግከው ፌርፋክስ ላይ ማንም እንዳይቀጥርህ ለሁሉም እነግራለሁ። ኦኬ?»

ሌላ ሙያ የለኝም፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም።

በማግስቱ ሲሚንቶውን በመሮ መፈልፈል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጡብ ጠርዙ ተሰበረ። ሁለተኛውም። ሴትዮዋ በመስኮት ታየኛለች፤ አለቃዬ ከመኪናው ሳይወርድ «በርታ፣ ጨርሰህ አፍርሰው!» ይላል።

ይሄኔ የግቢው አትክልተኛ፣ እንደኔው ሽማግሌ የሆነ ሜክሲኳዊ፣ መሮውን ከእጄ ወሰደ። መጀመሪያ የመጋጠሚያውን መሀል ሰነጠቀ፤ ከዚያ ሲሚንቶውን ከጡቡ እያራቀ ወደ መሀል ገፋው። ጡቡ አልተነካም። ኖራ በአሸዋ ማቡካት፣ ቶሎ እንዳይደርቅም በእርጥብ ጆንያ መሸፈን አሳየኝ። የተላጡትን ጡቦች አውጥተን፣ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረን መለስናቸው። ቋንቋ አንግባባም፤ ስሳሳት ክንዴን መታ ያደርገኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የምሳ ሰዓቱን ለኔ አዋለው።

በመጨረሻው ቀን አለቃዬ መጋጠሚያውን በመኪና ቁልፍ ቧጨር አድርጎ አየና «ኦኬ» ብሎ ሄደ። ደህና ዋልም አላለኝ። ሴትዮዋም አልወጣችም። ግን ክፉ ወሬ አልተወራብኝም፤ ከዚያ በኋላም ፌርፋክስ ላይ ሥራ አላጣሁም። ያን ሰሞን ያሻገረኝ ያ ሜክሲኳዊ አትክልተኛ ነው።