በወንድም ስም የወጣ ካርድ

ቲጃኒ አባ መጫ ሄርማታ ገበያ ጀርባ አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራ አናጢ ነው። ከሰፈሩ ሙሽሮች ግማሾቹ እሱ በሠራው አልጋ ላይ ተኝተዋል። እሱና ሚስቱ ፈድሊያ ግን ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ልጅ አላገኙም። ቀልደኛ ደንበኛ ሲመጣ፣ «ያ ቲጃኒ፣ አልጋ የምትሠራው ለሰው ብቻ ነው እንዴ?» ይለዋል። እሱም ይስቃል። ሰውየው ከሄደ በኋላ መላጊያውን አንስቶ እንጨቱን ከሚገባው በላይ ይልጋል።

ጥፋቱ የፈድሊያ መሆኑን ማንም ተጠራጥሮ አያውቅም። ያልጠጣችው ሥር፣ ያልታሸችው መታሸት የለም። አማቷ ሀጂራ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግን በየበዓሉ «ማህፀንሽን ብርድ መትቶታል» ይሏታል። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ «አላህ ያውቃል፣ እሜ» ትላለች።

ባለፈው ኅዳር ቲጃኒ ለማንም ሳይናገር ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደ። በካርድ ክፍሉ መስኮት ስሙን ሲጠይቁት ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ከኋላው የተሰለፈው ሰው ይሰማል።

«ሰሚር አባ መጫ» አለ።

ሰሚር ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ያኔ ገና ትዳር አላሰበም። ያላገባን ሰው ስለ ልጅ ማን ይጠይቀዋል ብሎ ነው።

ዶክተር ጽዮናዊት ውጤቱን ስትነግረው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በሰጠው የዘር ፈሳሽ ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ አልታየም።

«በቃ አለቀ ማለት አይደለም» አለችው። «ወይ ሰውነትዎ ዘሩን አያመርትም፤ ወይ ያመርታል፣ መውጫው ግን ተዘግቷል። በፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲኖች አሉ። አንዳንዶቹ ከማምረቻው ይመጣሉ፣ ሌሎቹ ከመውጫው መንገድ። የትኞቹ እንደጎደሉ ቢታወቅ ሰውነትዎ ሳይቀደድ ፍንጭ እናገኛለን። ምርመራው እዚህ የለም። አዲስ አበባ ለጥናት የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ ናሙና ልልክልዎ እችላለሁ። ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ።»

«እሺ» አለ። አልተመለሰም።

ሚያዝያ ላይ ሰሚር ሩፈይዳ የምትባል የሊሙ ገነት ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ተላከ፤ አባቷ ሼህ መሐሙድ ፈቀዱ፤ ቀን ተቆረጠ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ሰሚር ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ቲጃኒ ሥራ ቤት ገባ።

«ከለከሉኝ! ዘር የለውም አሉ። እኔ? የአክስቷ ልጅ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ስሙን አይቻለሁ ብላ ምላለች። ወላሂ፣ ያንን በር ረግጬው አላውቅም!»

ቲጃኒ መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሁለት ቀን ሥራ ቤቱን ዘግቶ ዋለ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፈድሊያ ልብስ ስታጣጥፍ አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት።

«ከኅዳር ጀምሮ ታውቅ ነበር?»

«አፈርኩ።»

«ለወንድምህ ሲሆን ሁለት ቀን እንኳ መደበቅ አልቻልክም» አለች። «በረመዳን እናትህ በሰው ፊት ሲናገሩኝ ግን አጠገቤ ተቀምጠህ ሾርባህን ትጠጣ ነበር።»

አላለቀሰችም። የጀመረችውን ሸሚዝ አጣጥፋ ጨረሰች፤ ሻሿን አስራ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወዳለው የእህቷ ቤት ሄደች።

እሁድ ቲጃኒ እናቱንና ሰሚርን ይዞ ሊሙ ገነት ሄደ። የሼህ መሐሙድ ሳሎን ውስጥ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

«ሼህ፣ ካርዱን በወንድሜ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዘር የሌለኝ እኔ ነኝ።»

ሀጂራ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሼህ መሐሙድ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ወንድም ለወንድሙ እንዲህ ቢል አይገርምም። እኔም ብሆን እል ነበር። በምን ልመንህ?»

ቲጃኒ ይህን አላሰበበትም። እውነቱን ከተናገረ የሚያበቃ መስሎት ነበር።

«እንግዲያው ሁለታችንም እንመርመር። ሰው ይላኩና በር ላይ ቆሞ ይይ።»

«እኔም?» አለ ሰሚር ደንግጦ።

«አዎ፣ አንተም!» አሉ ሀጂራ። እዚያ ቤት ከገቡ ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር። «የሰውን ልጅ ስምንት ዓመት ሥር ስናጠጣት አልነበር?»

ሰኞ ጠዋት ያው የክሊኒኩ መስኮት ፊት ቆሙ። ከሊሙ ገነት የተላከው ሽማግሌ ከኋላቸው ቆሟል።

«ስም?»

«ቲጃኒ አባ መጫ።»

ድምፁ ካሰበው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። ሰልፉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ዞረው አዩት፤ አንደኛው ቁምሳጥን ያሠራ ደንበኛው ነው።

ዶክተር ጽዮናዊት ስታየው አወቀችው። ስሙን ከካርዱ ላይ ሁለት ጊዜ አነበበች። ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠችው።

«ከዚህኛው ናሙና የተወሰነውን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። ባለቤትዎስ?»

«እህቷ ጋር ናት። ከዚህ ስወጣ ሄጄ እጠይቃታለሁ።»

«ትመጣለች?»

«አላውቅም» አለ፤ ዕቃውን በመዳፉ ይዞ ወደ ጠቆመችው ክፍል ገባ።