የባቢከር የሌቦች ደብተር

አዲሱ ክልል ገና ጥርሱን እያበቀለ በነበረበት ዘመን፣ አሶሳ ውስጥ ቢሮ ሲከፈት ጠረጴዛ ይጎድላል፤ ጠረጴዛው ሲመጣ ደግሞ የሚቀመጥበት ሰው ይታጣል። ፖሊስም እንዲሁ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ለመርማሪነት የሚሠለጥኑ የአገሬው ልጆች እንደሚፈለጉ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መስፈርቱ ሁለት ነው፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍና በቀበሌ ስብሰባ የሕዝብ ምስክርነት ማግኘት።

ባቢከር ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበው። የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው፤ የበርታ ልጅ፣ ዕድሜው ሠላሳ ሁለት፣ የሦስት ልጆች አባት። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰ አባቱ ሞቱና ትምህርቱ እዚያው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዕድል በሩን ስታንኳኳ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ዘጠኝ ዓመት ሌባ ጠበቅሁ" አላት ሚስቱን። "አሁን ደግሞ ሌባ ልፈልግ።"

ምስክርነቱ አላሳሰበውም፤ ሰው ይወደዋል። ያስፈራው እንግሊዝኛው ነው።

እንግሊዝኛውን ለአመልካቾች የሚያስተምሩት ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡት መምህርት የወርቅውሃ ነበሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተማሪዎቻቸው ከየሥራቸው ሲሰበሰቡ፣ ጠመኔያቸውን አንሥተው ጥቁር ሰሌዳውን በወንጀለኛ ስም ሞሉት። ቲፍ፣ ሌባ። ሮበር፣ ቀማኛ። በርግለር፣ ቤት ሰርሳሪ። ፒክፖኬት፣ ኪስ አውላቂ። ስመግለር፣ ኮንትሮባንድ ነጋዴ።

"ቲቸር" አለ ባቢከር። በእሱ አማርኛ ሴትም ወንድም፣ አንቱም አንተም አንድ ነው። "ሁሉም ሌባ ነው። አንተ ለምን አምስት ስም ሰጠው?"

"ያወጣሁት እኔ መሰልኩህ?" ብለው ሳቁ። "ሁሉንም ሌባ ብቻ ብለህ ብትጽፍ ዳኛው በምኑ ይፈርዳል? ተደብቆ የወሰደና ዱላ አንሥቶ የወሰደ እኩል ይታሰራል?"

"አይታሰርም።"

"በል እንግዲህ አጥና። ቃል በደረቁ አይያዝም፤ በምታውቀው ሰው ላይ አንጠልጥለው። እኛን መምህራችን እንዲህ ነበር ያስጠኑን። 'ፋት'፣ ወፍራም፣ ሲሉን የሰፈሩ ባለወፍጮ ትዝ ይለን ነበር፤ 'ሌዚ'፣ ሰነፍ፣ ሲሉን የአጎቴ በሬ።"

ባቢከር የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ማታውኑ ደብተሩን ዘርግቶ አንጠለጠለ። በቲፍ ትይዩ የልብስ ሰፊውን የሁንዴሳን ስም ጻፈ፤ ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈችውን ቁራጭ አይመልስምና። ስመግለርን ለሸኽ ዐወድ ሰጠ፤ ሱቃቸው ያለው ስኳርና አቡጀዲ በየት በኩል እንደመጣ የማያውቅ የለም። ፒክፖኬት የሚስቱ ወንድም ሆነ፤ ሰላም ሲል እጁ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሲጋራ ፍለጋ። ሮበር ደግሞ አማቱ፤ ዓይኑ እያየ ዶሮውን ይዘው ይሄዳሉ። በርግለር የጎረቤት ፍየል ነበረች፤ የወጥ ቤቱን በር በቀንዷ የምትከፍተው። ቃላቱ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ጭንቅላቱ ውስጥ ገቡ።

ጉዱ የመጣው ሱሪውን ሊያስጠግን ሄዶ ደብተሩን ሁንዴሳ ዘንድ የረሳ ዕለት ነው። ሁንዴሳ የባምባሲ ልጅ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ስሙን ቢያይ ጊዜ መዝገበ ቃላት ተውሶ ፈታው። በማግስቱ ከተማው በሙሉ ሰማ። "ገና ፖሊስ ሳይሆን ከሰሰን!" ተባለ። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬው ቀጥ ይላል። የሚስቱ ወንድም ገበያ መሀል ሲያገኘው ሁለቱንም ኪሶቹን ገልብጦ፣ "ፈትሸኝ፣ ጌታው መርማሪ!" አለው። ስብሰባው አራት ቀን ቀርቶታል።

"ቲቸር፣ ኻላስ፣ አለቀ" አላቸው መምህርቷን። "ማንም ለእኔ እጅ አያነሣም።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀርቤ እናገራለሁ።"

"የለም። እጄ ጻፈ፣ አፌ ይናገራል።"

መጀመሪያ ሁንዴሳ ዘንድ ሄደ። "አፉ በለኝ" አለው።

ሁንዴሳ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሳያቆም፣ "ያናደደኝን ታውቃለህ? ዐወድን በረጅም ቃል፣ እኔን በአጭሩ! ደሞ ቁራጭ ጨርቅ ሌብነት ነው እንዴ?" አለ።

"አይደለም?"

ፔዳሉ ቆመ። ሁንዴሳ ጨርቁን ትክ ብሎ አየና ሳቁ አመለጠው። "አፉ ብያለሁ፤ ውጣልኝ። እጄን ማንሣቴን ግን እንጃ።"

ሸኽ ዐወድ ግን ሰላምታውንም አልመለሱለትም። እሳቸው ካልፈቀዱ ደግሞ ግማሹ ሰው እጁን እንደማያነሣ ባቢከር ያውቃል።

እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስሙን ሲጠሩ ባቢከር ተነሣ።

"ጻፍኩ፣ እውነት ነው" አለ። "የምታውቀው ሰው ላይ አንጠልጥል ተባልኩ። እኔ የማውቀው እናንተን ነው፣ ሌላ ሰው የለኝም። ግን ስም የባለቤቱ ነው። ሳልጠይቅ ወሰድኩ። ይኼም ሌብነት ነው። አፉ በሉኝ።"

ሸኽ ዐወድ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። "ያ ባቢከር፣ አንተ! እንግሊዙ እኔን ምን ይለኛል?"

"ስመግለር።"

"ምን ማለት ነው?"

ባቢከርን ላብ አጠመቀው። አለሳልሶ፣ መንገደኛ ነጋዴ ማለት ነው ቢል ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። እሱ ግን ቀና አለ። "ቀረጥ ሳይከፍል በድንበር ዕቃ የሚያስገባ ሰው።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ሸኹ ዞረ።

"በዚያ መንገድ አያቴ ሲሄድ ኬላም አልነበረ፣ ቀረጥም አልነበረ" አሉ ሸኹ ቀስ ብለው። ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ልጁ ግን አልዋሸም። ወላሂ፣ እየፈራ ተናገረ። ለአማቱ እንኳ ያላደላ፣ ለማን ሊያደላ ነው? እስከ ዛሬ የሚመረምረን ቋንቋችንን በአስተርጓሚ የሚሰማ ነበር። ይኼ የእኛው ነው። ይሂድ፣ ይማር። እኔም ስለ ቀረጡ አስብበታለሁ።" ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ከዘራቸውን አነሡ። "አስብበታለሁ ነው ያልኩት!"

ሳቁ ዛፉን አነቃነቀው። "የሚደግፍ?" ሲባል፣ መጀመሪያ ከፍ ያለው የሁንዴሳ እጅ ነበር፤ አማቱ ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ። ሊቀ መንበሩ እስከ ስልሳ ድረስ ቆጥረው ተዉት።

የምስክርነቱ ደብዳቤ እዚያው ተጻፈ፤ የቀረው ፈተናው ብቻ ነው። የአዲሱ ክልል ማኅተም ሲያርፍበት ቀለሙ በዝቶ ዳር ዳሩን ፈሰስ አለ። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ ባቢከር ግን እርጥቡ ቀለም ወረቀቱን እንዳያበላሸው ፈርቶ አላጠፈውም። በሁለት እጁ ይዞ፣ ማኅተሙ ላይ እፍ እያለ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሸኽ ዐወድም ከጎን ከጎኑ እየተራመዱ ጃንጥላቸውን ለራሳቸው ሳይሆን ለደብዳቤው ያዙለት።