የአዴ ጫልቱ ትሪ

ዛሬ ጠዋት በተከራየሁበት ግቢ ያለው ቧንቧ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ሳል ሳል ብሎ አየር ተፋ፤ አልጨረስ ያለኝ ግጥም ላይ ደክሞኝ ተጎልቼ ነበርና እጄ ብዕር እንደያዘ ሐሳቤ እዚሁ አዳማ ወዳደግኩበት ግቢ ሄደ።

ያኔ ውሃ ደስ ባለው ቀን ንጋት ላይ ይመጣና ፀሐይ ሳትበረታ ይሄዳል። ለሁለት ቤት ያለን አንድ ቧንቧ ነበር፤ እሱም በእኛ በር ሥር። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የሚኖሩት አዴ ጫልቱ ሻይና ቦምቦሊኖ ስለሚሸጡ እናቴ አስቴር የቧንቧውን ሳል ስትሰማ ነጠላዋን እንኳን ሳትደርብ «አዴ ጫልቱ፣ መጥቷል!» ትላለች፤ እሳቸውም በኦሮምኛ እየመረቋት ጀሪካናቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን ዶሯቸው የእናቴን የተሰጣ በርበሬ ጫረች። በዶሮዋ የተጀመረው ንግግር ወደ ሰው አስተዳደግ ተሻገረና ተኮራረፉ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ድምፅ ሳታሰማ ትቀዳለች፤ አዴ ጫልቱ ሲደርሱ ቧንቧው ደርቋል፣ ሻዩም ሳይፈላ፣ ገንዘብም ሳይገባ ይውላል። ጓደኛዬ ሐዊ፣ የአዴ ጫልቱ ልጅ፣ ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ አቦምሳ አክስቷ ጋ ልትላክ ነበር።

መላውን ያመጣችው እሷው ናት። ከቧንቧው ሥር የቲማቲም ጣሳ በሲባጎ አንጠለጠልን፤ ጣሳው ሲሞላ ይወርድና እንጨት ይስባል፣ እንጨቱ ብይዋን ይለቃታል፣ ብይዋ ለሁለት በተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ላይ እየተንከባለለች የተደረደሩ የሞቱ ባትሪ ድንጋዮችን ትገፋለች፣ የመጨረሻው ድንጋይ ከአጥሩ ወዲያ ሲወድቅ በአዴ ጫልቱ መስኮት ሥር የተንጠለጠለውን ትሪ ያወርደዋል። ለእናቷ ግን ሐዊ «አስቴር በአፏ መጣራት ስላፈረች ትሪ ትጥላለች» ብላ ነበር።

የአዳማን ንፋስ ረስተናል። ገና በዚያው ከሰዓት አቧራውን እያዞረ መጣና ድንጋዮቹን ገፋቸው፤ ትሪው ተንኳኳ፤ አዴ ጫልቱ ጀሪካን በሁለት እጃቸው ይዘው እየሮጡ ደረቅ ቧንቧ ፊት ቆሙ።

«አስቴር! ትሪ ጥለሽ በባዶ ታስሮጪኛለሽ?»

«የምን ትሪ? እኔ ምን አደረግኩዎት አዴ?»

«ልጄ ነግራኛለች! በአፍሽ መጣራት አፍረሽ ነው አሉ!»

ሁለቱም ድንጋዮቹን፣ ጎማውንና ሲባጎውን ከአጥሩ ጀምሮ ወደ ኋላ ተከተሉ፤ መጨረሻው ላይ እናቴ የጠፋባትን ጣሳ፣ አዴ ጫልቱ ደግሞ ከበርሜሉ ጀርባ የተደበቅነውን እኛን አገኙ።

«ያ ረቢ! ይህን ሁሉ ከምትደረድሩ አንድ ቃል ብትናገሩ ምን ነበረበት?»

እናቴ ጣሳውን እያየች «እኛስ መች ተናገርን አዴ?» አለች፤ መጀመሪያ የሳቀችውም እሷ ናት። በማግስቱ ንጋት ላይ አዴ ጫልቱን ስትጣራ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ሐዊም አቦምሳ ሳትሄድ ቀረች።

ግቢው ከተሸጠ በኋላ ተበታተንን። እኔ ዛሬም ያንኑ ሥራ እሠራለሁ፤ አንዱን ቃል ከሌላው ጀርባ እደረድራለሁ፣ የማላውቀው ሰው መስኮት ሥር አንዲት ትሪ ብትወድቅ ብዬ። አብዛኛውን ጊዜ ንፋስ ይቀድመኛል።

አሁን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሮቶ አለው፤ ውሃው ሲመጣ ራሱ ይሞላል፣ ሲሞላም ራሱ ይዘጋል። የእኔ ትናንት ተሰንጥቆ ፈሷል፤ ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮም የእሷው ተበላሽቶባት ባዶ ባልዲ ይዛ ስትወጣ ስትገባ ሰንብታለች። ዛሬ ቧንቧው ከሳሉ በኋላ መፍሰስ ሲጀምር በሬን ከፍቼ ልጣራ አፌን ከፈትኩ፤ ስሟን አላውቀውም።