ያልነበረችው አክስቴ ለቅሶ

ከባሌ ከሞላ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ሥራ የሰፈራችንን ማኅበር ወንበሮች ማጠብ ነበር። እሱ ውሃ ያፈሳል፣ እኔ እፈትጋለሁ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጋደም እንዳለ አረፈ። የነፍስ አባቴ ጎንደር ናቸው፣ እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነኝ፤ ስለዚህ አንባቢዬ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን አንተ ስማኝ።

በሰፈራችን የምንኖር ሐበሾች ማኅበር አለን። እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ያዋጣል፤ በመዋጮው የጋራው የውሃ ታንከር ይሞላል፣ ድንኳንና ወንበር ይገዛል። ሊቀመንበሩ ሞላ ነበር። ድንኳኑ ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ ሁለቱ ከተጋጩ ለቅሶ ይቀድማል። ደንቡን ያወጣው ራሱ ሞላ ነው።

እኔስ? ያን ያህል ዓመት አዋጥቼ ድንኳኑ አንድ ቀን እንኳ በሬ ላይ ተተክሎ አያውቅም። ልጅ የለኝ፣ አልድር። ዘመዶቼ ደግሞ አይሞቱም፤ ጤናቸው ለጉድ ነው። የሰው ድንኳን ሥር ተቀምጬ የሰው ሩዝ እየበላሁ እበግን ነበር። ሰው በለቅሶ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ጎረቤቴ ዘህራ፣ የቅመም ነጋዴዋ፣ ልጇን ልትድር ድንኳኑን አስተከለች። በሠርጉ ዋዜማ እኔ አክስት ገደልኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጅ ወጣሁና ጮህኩ።

ሞላ ሮጦ መጣ። "ማን ሞተ?"

"አክስቴ። የመተማዋ።"

"መተማ አክስት አለችሽ እንዴ?"

"ነበረችኝ።"

ትክ ብሎ አየኝ። ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ሞላ ሄዶ ድንኳኑን ከዘህራ ደጅ አስነቅሎ እኛ በር ላይ አስተከለው።

ቀድሞ የደረሰው ማን መሰለህ? ዘህራ። የሠርጓን ድስት ትታ፣ እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ስለምታውቅ ምስር ለብቻ ሠርታልኝ መጣች። "አይዞሽ እህቴ፣ ሠርጉ ያለ ድንኳንም ይሆናል" አለችኝ። ያኔ የምሬን አለቀስኩ። የድንኳኑ ጥላ ግን እንዴት ደስ ይል ነበር! የሟችን ስም ሲጠይቁኝ ለአንዷ ጥሩነሽ፣ ለሌላዋ ጥሩወርቅ አልኩ። የዘህራ ልጅ አንሶላ ተሰፍቶ በተወጠረበት ግቢ ተዳረች፤ ነፋስ ሲነሳ አንሶላው የሙሽራው ሽማግሌዎች ላይ ወደቀ አሉ። ይህን ስሰማ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ይህም ይጻፍብኝ።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሲነቀል ሞላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሁለተኛ ዘመድ እንዳትገድዪብኝ።"

ከዚያ ወዲያ አላነሳውም፤ ለማኅበሩም አልተናገረም። ሰው ደንብ አክባሪ እያለ ሲያመሰግነው አንገቱን ይደፋ ነበር። አንገቱን ያስደፋሁት እኔ ነኝ።

እሱ ሲሞት ድንኳኑ እንደገና በሬ ላይ ተተከለ። ድምፅ ከየት ይምጣ?  ዘህራ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስሜን ጠርታ፣ "ይታይሽ፣ ለአክስትሽ እንኳ ያን ያህል ጮኽሽ" አለችኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

እውነቱን ብነግራት የማጣው እሷን ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ዛሬም "ሐቀኛው ሞላ" ይለዋል፤ የሸፈነልኝን ውሸት ሲያውቁ ስሙ ምን ይሆናል? ግን ይህን ሰበብ አላደርገውም። በጥላ የቀናሁት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት እውነቱን ልነግራት ብዬ ዘህራ ቤት እሄዳለሁ። እሷ ሱቅ ልትከፍት ስትወጣ የዚያችን ሙሽራ ሕፃን ልጅ ትሰጠኛለች። እስክትመለስ አቅፌው እቀመጣለሁ።